አንድ ነጥብ ስለ ጎደለው የቤተሰባችን ስም

ይድረስ ለክቡር አቶ ማንሱር ዘርባፍ፣
የወረዳችን የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ባለጉዳይ መጣ ሄደ ሳይል ከአጠገብዎ ለማይለየው የቢሮ ማሞቂያዎ መልካም ጤንነትን እመኛለሁ። ሞኒሬ ሞቃኒ እባላለሁ። የከላቴ ሰፊድ መንደር ልጅ ስሆን ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጽሕፈት ያስተማርሁ ጡረተኛ መምህርት ነኝ። አራተኛ ክፍል ሳሉ እርስዎንም አስተምሬዎታለሁ። ውጤትዎ የግል ጉዳይዎ ስለሆነ በአደባባይ አላነሣውም፤ ደግሞም ከሃያ አሥራ አንድ የሚናቅ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በምዝገባ ቀን ያሠራጩት፣ «የወረዳችን የቤተሰብ ስሞች፦ ምንጫቸው፣ ትርጉማቸውና ሥርጭታቸው» የተሰኘው ባለ ቀለም መጽሔት ነው። ገጽ አሥራ አራት ላይ ስለ እኛ እንዲህ ይላል፦ «ሞቃኒ ማለት ዘፋኝ ማለት ነው። ቤተሰቡ ከጥንት የቤተ መንግሥት ዘፋኞች የሚወለድ ሲሆን፣ በወረዳችን ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ይጠሩበታል።» ምንጩም፣ ትርጉሙም፣ ቁጥሩም ስሕተት ነው። በሁለት መስመር ሦስቱንም መሳት ተራ ችሎታ አይደለምና ምስጋናዬ ይድረስዎ። አሁን ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ስማችን ምንጭ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ያውጣ ተብሎ በታዘዘ ጊዜ፣ አንድ መዝጋቢ በበቅሎ መንደራችን ደርሶ ከቱት ዛፍ ሥር ጠረጴዛውን ዘረጋ። ተራው አያቴ ዘንድ ሲደርስ፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው። አያቴም ከተራራው ግርጌ እስከ እርሻችን በመሬት ሆድ ውስጥ ውኃ የሚያመጣውን ቃናት እንደሚቆፍርና እንደሚጠርግ ነገረው። መዝጋቢው ደግ ሰው ኖሮ አያቴን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ «ጭቃ ያልነካው ስም ልስጥህ፤ ‹የአበባ ስፍራ› ብዬ ልጻፍህ?» አለው። አያቴ ግን፣ «ውኃ የጠፋ ዕለት ሰው አበባ ብሎ ማንን ይጠራል? የምሠራውን ጻፍልኝ» አለው። እሱም «ሞቃኒ» ብሎ ጻፈ፤ ቃናት ቆፋሪ ማለት ነው። የእኛ ምንጭ ይኸው ነው፤ ቤተ መንግሥት የለበትም።

የሚገርመው፣ የዚያኑ ዕለት ያው መዝጋቢ ጆንያ በመስፋት ልጆቻቸውን ያሳደጉትን የእርስዎን አያት «ዘርባፍ» ብሎ መዘገባቸው፤ ባለ ወርቅ ጥለት ሸማኔ ማለት ነው። ጆንያ መስፋት የተከበረ ሙያ ነው፤ ከወርቅ ጥለት ይልቅ ጆንያ ለሀገር ጠቅሟል። ልለው የፈለግሁት፣ የስም ደግነት ከእርስዎ ቤት ሲገባ ማንም ነጥብ እንዳልቀነሰበት ብቻ ነው።

2ኛ. ስለ ትርጉሙ። ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት (ካላስታወሱም በአራተኛ ክፍል ደብተርዎ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ) በፊደላችን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ሁለት ፊደላት አሉ። አንዱ ሁለት ነጥብ፣ ሌላው አንድ ነጥብ በራሱ ላይ ይሸከማል። ሽማግሌዎቻችን ከጉሮሮ ሥር ይለዩአቸዋል፤ በከተማ ልጆች አፍ ግን አንድ ሆነዋል። ስማችን ባለ ሁለት ነጥቡን ይዞ ሲጻፍ ቃናት ቆፋሪ፣ ባለ አንድ ነጥቡን ይዞ ሲጻፍ ዘፋኝ ይሆናል። ባለፈው ጸደይ ጽሕፈት ቤትዎ ለወንድሜ ለነጃፍአሊ አዲሱን መታወቂያ ሲያወጣ ባለ አንድ ነጥቡን መረጠ። የስልሳ ስምንት ዓመቱ ወንድሜ፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ የመንደራችንን ቃናት ብቻውን ሲጠብቅ የኖረ፣ በሠርግ ቤት እንኳ አጨብጭቦ የማያውቅ ሰው፣ በአንድ ጀምበር ዘፋኝ ሆነ። መዝፈን ነውር ሆኖ አይደለም። ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ ስንሠቃይበት የኖርነውን የዝምታ ዓመታት ሁሉ ይቅር እለው ነበር።

ላሳርመው ይዤው መጣሁ። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ባልደረባዎ አቶ ሻህራም መታወቂያውን ገልብጦ አየና ሣቀ።

«አባባ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ያንጎራጉሩልንና እኛው እንፍረድ» አለው።

እኔ የራሴን መታወቂያ አውጥቼ፣ «ይኸው፤ የእኔ በሁለት ነጥብ ነው፤ የአንድ አባት ልጆች ነን» አልሁት።

አቶ ሻህራም ሁለቱን መታወቂያ ጎን ለጎን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ተመለከተና፣ «እናቴ፣ በመዝገቡ መሠረት እኮ አትዛመዱም። መጀመሪያ ወንድምዎ መሆኑን ማስረጃ ያምጡ» አለኝ።

በስልሳ አምስት ዓመቴ ወንድም አልባ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንጣላ የተመኘሁትን እናንተ በአንድ ነጥብ ፈጸማችሁልኝ። ማስረጃውን አመጣን፤ የአባታችንን የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ ተባልን። አመጣን፤ የሚያውቁን ሁለት ሽማግሌዎች ይቅረቡ ተባልን። ቀረቡ፤ አንደኛው ሞቃኒ ስለሆነ የጥቅም ግጭት አለበት ተብሎ ተመለሰ። አራት ጊዜ ተመላልሰን በጋው አለቀ።

3ኛ. በዚህ መካከል ስለሆነው ነገር። ይህን አንቀጽ ሲያነቡ ሻይዎን እንዲያስቀምጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ያለፈው በጋ የቃናቱ ውኃ ቀጠነ። በመጸው አጋማሽ፣ ከአበባው ውድ ቅመም የሚለቀምበት የሻፍራን ማሳችን የመጀመሪያውን ውኃ ካልጠጣ አበባው አይወጣም፤ አበባው ካልወጣ መንደሩ የዓመቱን እንጀራ አጣ ማለት ነው። ቃናቱ መጠረግ ነበረበት። ለመጥረግ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ በባለሙያዎች መዝገብ ላይ ካለው ስም ጋር የሚስማማ መታወቂያ ይጠይቃል። በባለሙያዎች መዝገብ ላይ ያለው ቃናት ቆፋሪ ነጃፍአሊ ነው፤ በመታወቂያው ላይ ያለው ዘፋኝ ነጃፍአሊ ነው። ፈቃዱ ተከለከለ። ሥራው ከከተማ ለመጣ አንድ ተቋራጭ ተሰጠ።

ተቋራጩ ጄኔሬተርና ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ። ወደ ታች የሚወርደው ኑርአጋ የሚባል፣ ከድንበር ማዶ ከሄራት በኩል የመጣ፣ ትሑት ሰው ነበር። ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን ወደ ተቋራጩ ሄዶ፣ «በሰባተኛውና በስምንተኛው መውረጃ ጉድጓድ መካከል አፈሩ ልል ነው። አባቴ እዚያ አፈሩን የሚደግፍ የሸክላ ቀለበት ሳያስገባ አይነካውም ነበር» አለው።

«ፈቃድ አለህ?» አለው ተቋራጩ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው አስተያየትም የለህም።»

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አፈሩ ተናደ። ኑርአጋ ሠላሳ ሜትር ታች፣ ከናዳው ወዲያ ተዘጋበት። ተቋራጩ ወደ ከተማ ስልክ ደወለ፤ ነፍስ አድን ሠራተኞች በአራት ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ ተባለ። ቃናቱ ውስጥ ግን ውኃው ከናዳው ኋላ ይጠራቀማል፤ አራት ሰዓት አይጠብቅም።

ወንድሜ ቤት ገብቶ ነጭ ልብሱን ለብሶ መጣ። የእኛ ቆፋሪዎች ነጭ ለብሰው ነው የሚወርዱት፤ በጨለማ እንዲታዩ፣ ከሞቱም ሌላ ከፈን እንዳያስፈልጋቸው። «ፈቃድ የለህም» አልሁት፤ አፌ ሌላ ነገር አልመጣለትም። «አውቃለሁ» አለኝና ገመዱን ወገቡ ላይ አሠረ።

በስምንተኛው ጉድጓድ ወረደና ወደ ውኃው መነሻ በደረቱ እየተሳበ ናዳው ዘንድ ደረሰ። እጀታው ባጠረ ዶማ፣ እፍኝ በእፍኝ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆፈረ። በጉድጓዱ አፍ የገመዱ መዘውር ላይ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ከታች ድምፁን ይሰሙ ነበር። ኑርአጋ መተንፈስ እያቃተው ሲሄድ ወንድሜ፣ «ስንት ልጆች አሉህ?» ይለዋል። «ሦስት» ይላል። «ስማቸውን ንገረኝ። ቀስ ብለህ። አሁን ከትንሿ ጀምረህ ድገምልኝ።» በስልሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቀዳዳው ሲከፈት ኑርአጋን በገመዱ አሠረና አስቀድሞ ላከው። ኑርአጋ ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ሁለተኛው ናዳ ወረደ።

ወንድሜን የመንደራችን ሰዎች ራሳቸው ወርደው አወጡት። በሕይወት አለ። ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ነፍስ አድኖቹ የደረሱት እሱን አምቡላንስ ላይ ለመጫን ነበር፤ ስለ መጫኑም እናመሰግናለን።

በሳምንቱ የወጣው የወረዳው ሪፖርት፣ «የአካባቢው ዘፋኝ አቶ ነጃፍአሊ ላሳዩት ቅን ትብብር» ምስጋና አቀረበ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ወደ ቃናት ስለ መውረዳቸው ቀርበው እንዲያስረዱ ለወንድሜ ወረቀት ደረሰው። አንድ ሰው በዘፋኝነቱ ተመስግኖ በቆፋሪነቱ ሲከሰስ ያየሁት በዚህ ወረዳ ብቻ ነው።

4ኛ. ስለ ሥርጭቱ። መጽሔትዎ ዘጠኝ ብቻ ነን ይላል። በነጥብ የተለያየነውን ብትቆጥሩ ኖሮ ሃያ ስድስት ነበርን፤ ነገር ግን በዚህ ላይ አልከራከርም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሰሞኑን ስለሚለወጥ ነው።

መጽሔቱ መንደራችን የደረሰው ወንድሜን ሊጠይቁ ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት ቀን ነበር። ገጽ አሥራ አራትን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ማንም አልሣቀም። የውኃ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ሐጂ ቁርባን፣ የቤተሰብ ስሙ ዛፈራኒ ማለትም የሻፍራን ሰው የሆነው፣ ሻይ ሊጠጣበት የነከሰውን የስኳር አንኳር ከጥርሱ አውጥቶ ሳሕኑ ላይ አስቀመጠና፣ «ዘጠኝ ናቸው ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ዘጠኝ።»

«እንግዲያው አሥረኛው እኔ ልሁን። ኡስታ፣ ስምህን ታካፍለኛለህ?»

ኡስታ የምንለው ሙያውን ጠንቅቆ ላወቀ ሰው ነው። ወንድሜ ብርድ ልብሱን ከጎደለው እግሩ ላይ እያስተካከለ፣ «ሐጂ፣ ጭቃ ያለበት ስም ነው» አለው።

«እኔስ ዓመቱን ሙሉ ምን ስበላ የኖርሁ መሰለህ?» አለ ሐጂ ቁርባን። «የእኔ ሻፍራን ያንተን ጭቃ ጠጥቶ ነው ያደገው።»

ከዚያ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት «እኛም» አለች። ከዚያ በግ አርቢው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባ አንድ አባወራ ተመዘገበ። ኑርአጋም በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እሱ የሀገሩ ሰው ስላልሆነ ማመልከት እንደማይችል ስነግረው፣ «ግድ የለም እናቴ፤ እኔ ሳላመለክት እጠራበታለሁ» አለኝ።

ክቡርነትዎ ከእኔ የበለጠ እንደሚያውቁት፣ አንድ ሰው የሌላን ቤተሰብ ስም ለመውሰድ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ያስመዘገበው ሰው ወይም የወራሾቹ ፈቃድ ነው። ወራሾቹ ወንድሜና እኔ ነን። አርባ አንድ የፈቃድ ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ፈርመንባቸዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ነጥቦቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። የፊታችን ቅዳሜ፣ ቢሮዎ የሳምንቱን ሥራ በሚጀምርበት ጠዋት፣ አርባ አንዱም አባወራዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ ማስረጃቸውን ሁሉ ይዘው መስኮት ቁጥር ሦስት ይሰለፋሉ። ምሳቸውን ቋጥረው ይመጣሉ። አንድ ነጥብ ከጎደለ እሑድ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሰኞም። ለአቶ ሻህራም በርታ ይበሉልኝ።

እስከዚያው ድረስ፣ የአንድን ቆፋሪ ጉሮሮ ለሙዚቃ፣ እግሩን ለመዝገብ ስሕተት ያበረከተው ጽሕፈት ቤትዎ ዘመኑ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና በተስተካከለ ሥርዓተ ነጥብ፣

የቀድሞ መምህርትዎ፣
ሞኒሬ ሞቃኒ (ባለ ሁለት ነጥብ)
ከላቴ ሰፊድ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል የእርስዎ ደብዳቤ ቀደመኝ። የወንድሜ ስም እንዲታረም ተወስኗል፤ ሆኖም አመልካቹ ራሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በአካል ቀርበው እንዲፈርሙ፣ አሳንሰሩ ብልሽት ላይ ስለሆነም በደረጃው እንዲጠቀሙ ይላል። አነበብሁለት። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለኝ፦ «እኔ ለማላውቀው ሰው ሠላሳ ሜትር ወርጃለሁ። እሱ ለሚያውቀው ሰው ሦስት ፎቅ ይውረድ።»