እትዬ የምትባለው ጋላክሲ

ሰኞ፣ ጥር 4
ኪቦርዱ ላይ ሻይ ደፋሁ። ደግነቱ አልሞተም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ፣ ቴሌስኮፑ ካነሳቸው ጋላክሲዎቼ ጋር ዋልኩ። የመዝገብ ቁጥራቸው ምላስ ስለሚያስር በቤተሰብ ስም ነው የምጠራቸው። ጠማማው አጎቴ፣ የተጠጋጉት ሁለቱ መንታዎቹ። መሃል ያለችው ግዙፏ ደግሞ እትዬ። ቁርጥ ያሳደገችኝን አክስቴን! አጠገቧ የደረሰውን ትንሽ ጋላክሲ ሁሉ ስባ ትውጣለች። እትዬስ? የዘመድ ልጅ ሁሉ መጨረሻው እሷ ቤት አልነበር? ሰባት ሆነን አይደል እንዴ ያደግነው...

ረቡዕ፣ ጥር 6
ጋላክሲዋ እትዬ ዳር ላይ ሰማያዊ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ሰማያዊ ማለት አዲስ የተወለደ ኮከብ ነው። እሷ ግን ኮከብ የሚወለድበትን ጋዟን ጨርሳ መውለድ ካቆመች ስንት ዘመኗ! ለአለቃችን አሳየሁት።
«የቴሌስኮፑ መስታወት እድፍ ነው» አለ።
እድፍስ ያለው ዓይንህ ላይ! (በሆዴ ነው ያልኩት።) ቴሌስኮፑ እንደገና እንዲያይልኝ ጠየቅሁ።

ዓርብ፣ ጥር 8
እሑድ መሥሪያ ቤታችን ለጎብኚ ይከፈታል። ተናጋሪዋ እኔ። እትዬ ደወለች።
«አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ። ፊት ወንበር ያዢልኝ።»
«እግርሽን ያምሽ የለ?»
«እሱ ለሐኪም ነው። ላንቺ አያመኝም።»

እሑድ፣ ጥር 10
ጉድ ሆንኩ። ለራሴ ብዬ ምስሉ ላይ የጻፍኳቸውን ስሞች ማጥፋት ረስቼ... ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ «እትዬ»! ከሥሩ የራሴው ጽሑፍ፤ «ጎረቤቶቿን የበላች። መውለድ ያቆመች።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ወንበር ላይ ያለችው እትዬ ግን አልሳቀችም።

እትዬ ልጅ አልወለደችም። ቤታችን ውስጥ ይህ አይወራም። እኔ ሕዝብ ፊት ለጠፍኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም... መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! እንዴት እንደጨረስኩ እንጃ። ከመድረኩ ስወርድ ወንበሯ ባዶ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 11
ስልክ አታነሳም። እኔስ ብሆን አነሳ ነበር? አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12
አዲሱ ምስል መጣ። እድፍ አይደለም! ጥርት ያለ ሰማያዊ ቀለበት። የዋጠቻት አንዲት ትንሽ ጋላክሲ ጋዟን ይዛ ገብታ ኖሯል። እትዬ እንደገና እየወለደች ነው! አለቃችን ራሱን አከከ። «እድፉ የኔ ዓይን ላይ ነበር» አለ። (በሆዴ ያልኩትን ሰምቶኝ ይሆን እንዴ?)

ምስሉን አትሜ ቀጥታ እትዬ ቤት። በሩን ከፈተች፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። በሩን ግን አልዘጋችውም። ገባሁ።
«ይቅር በይኝ።»
«የቱን? በልታለች ያልሽውን ነው ወይስ አልወለደችም ያልሽውን?»
«ሁለቱንም።»
 መነጽሯን አደረገችና ምስሉን ተቀበለችኝ።
«ይሄ ሰማያዊው ምንድነው?»
ነገርኳት። የራሷ ጋዝ እንዳለቀ፣ ትንሿ ጋላክሲ ይዛላት እንደመጣች፣ አዲሶቹ ኮከቦች ግን እሷው ዘንድ እንደተወለዱ።
«እና የማን ናቸው?»
«ያንቺ ናቸዋ።»
ጣቷን ቀለበቱ ላይ አዞረችው።
«ትንሿ ባዶ እጇን አልመጣችማ» አለች።
 አቀፈችኝ። ወዲያው ደግሞ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። «ጎረቤት የበላች! እኔን!» ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።

ሰኞ፣ የካቲት 9
ምስሉ እትዬ ሳሎን ውስጥ፣ ከሰባታችን ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ እኔ ነኝ» ትላለች አሉ። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ትደውላለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «እህ፣ ዛሬ ማንን በላሁ?»

ዛሬ ግን ጥያቄዋን ቀየረች።
«ዛሬስ ስንት ወለድኩ?»
ቆጥረን አልጨረስንም እትዬ፣ አልኳት።