የመስታወቱ ፓምፕና የጋሽ ሰይድ ዓይን

ሰኞ

እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ስቋል፤ እኔ ግን መሳቅ አልነበረብኝም።

ኢንጂነር ደረጀ፣ የወርክሾፑ ባለቤት፣ ጠዋት ሰበሰበንና አንድ ወረቀት ለጋሽ ሰይድ ሰጣቸው። ሌላ ቀን "አንተ" የሚላቸውን ሰውዬ ዛሬ "እስቲ ትዕዛዙን ያንብቡልን" አላቸው። ወረቀቱን ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ለዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ክፍል፣ ጋዝ የሚያዞር ፓምፕ፣ አርብ የሚረከቡት" ብለው አነበቡ።

ኢንጂነሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ እኛ አዞረው። ባዶ ነበር። አንድም ፊደል የለበትም። ትዕዛዙን ቀድሞ በጆሯቸው ስለሰሙት ነው ያነበቡ የመሰሉት።

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ለምን እንደምንስቅ አልገባቸውም። አብረውን ፈገግ አሉ። ያ ነው ከሁሉም የከፋው።

ዕድሜያቸውን በሙሉ ከእሳት ፊት ተቀምጠው መስታወት እያቀለጡ ሲነፉ ነው የኖሩት። ዓይናቸው እንደደከመ ሁላችንም ጠርጥረናል። መሣሪያቸውን በዳበሳ ያነሳሉ፤ የት እንዳለ ስለሚያውቁት አይሳሳቱም።

ማክሰኞ

ዛሬ ሥራ በዝቷል። ፓምፑ አስቸጋሪ ነው። ጋዙ ዝግ በሆነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ እየዞረ ደጋግሞ በአንድ ዱቄት ላይ ያልፋል፤ ኬሚስቶቹ ምን እንደተለወጠ ይለካሉ። ተራ ፓምፕ አይሆንላቸውም፣ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የኛ ፒስቶን መስታወት ውስጥ የታሸገ ብረት ነው። ከውጭ እኔ የጠቀለልኳቸው ቦቢናዎች፣ የሽቦ ጥቅልሎቹ፣ በኤሌክትሪክ ሲበሩ ብረቱን ወደ ላይ ይስቡታል፣ ሲጠፉ ይለቁታል። ቫልቮቹ ትናንሽ የመስታወት ኳሶች ናቸው። ኳሷ መቀመጫዋ ላይ በደንብ ካልገጠመች ሁሉም ከንቱ ነው።

የኔ ሥራ ቦቢና መጠቅለል ነው። የምመኘው ግን እሳቱን ነው። ጋሽ ሰይድ በምሳ ሰዓት በተሰባበረ ቱቦ ያለማምዱኛል። "አትቸኩዪ ማርታ፣ መስታወት የቸኮለ ሰው ይጠላል" ይሉኛል።

ከሰዓት ኢንጂነሩ መቆንጠጫቸውን ከቀኝ አንስቶ በግራ አስቀመጠውና ቆሞ ያያቸው ጀመር። ጠረጴዛውን ሲደባብሱ ቆዩ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣና "የሱን ቦታ ብሰጥሽ ትችዪዋለሽ?" አለኝ፣ እሳቸው እንዲሰሙ አድርጎ።

"እንጃ" አልኩ።

ልቤ ግን እችላለሁ ብሏል። ወደ ቤቴ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ተቀምጬ፣ ጣቶቼ ሳላውቀው ቱቦ ሲያሽከረክሩ ነበር።

ረቡዕ

ኢንጂነሩ ከውዳቂው ሣጥን አንድ ቱቦ አውጥቶ ሰጠኝ። ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ብርሃን ላይ ሲያዞሩት ፀጉር ይመስላል። "ይህን ስጪው" አለኝ። "ካየ ይጥለዋል። ካላየ ሁላችንም እንገላገላለን።"

ወሰድኩላቸው። ጋሽ ሰይድ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ንጹሕ ነው?" አሉኝ።

"ንጹሕ ነው" አልኳቸው።

ይኸው ጻፍኩት።

እሳቱ እንደነካው ስንጥቁ ሮጠ። ቱቦው ለሁለት ተከፈለና የጋለው ስባሪ መዳፋቸውን ከፈተው። አልጮሁም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው "ጋዙን ዝጉት፣ ጋዙን ዝጉት" ነበር የሚሉት። ኢንጂነሩ "አያችሁልኝ?" አለ፣ ለኛ። ሁለት ልጆች በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። እኔም ልከተል ስነሳ "አንቺ የት ነው? ፓምፑ ለአርብ ነው፣ ተቀመጪ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ለሳቸው ቁመት የተስተካከለ ነው። ዝቅ አደረግሁት።

ሐሙስ

የመጀመሪያው ቫልቭ አፈሰሰ። ሁለተኛውን ስፈትሽ በመንገዱ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠና ኳሷ ከእጄ አምልጣ ተሰበረች። ሦስተኛውን በመሞረጃ ዱቄትና በውሃ ስፈትግ፣ ስፈትግ ዋልኩ።

ገጠመች። አየሩን ስበን አወጣነው፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም።

ደስ አለኝ። ለራሴ ብቻ ስለምጽፍ አልዋሽም፤ በጣም ደስ አለኝ። የጋሽ ሰይድ ደም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደርቋል፤ እኔ ግን እያፏጨሁ ነበር።

ጣቶቼ ተቃጥለዋል።

አርብ

ዶክተር ሄለን ከዩኒቨርሲቲው መጣች። ቦቢናው ሲበራ ፒስቶኑ ተነሳ፣ ሲጠፋ ወረደ፤ ኳሶቹ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ጋዙ መዞር ጀመረ። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አዳመጠችው። "ማነው የነፋው?" አለች።

"እሷ ናት" አለ ኢንጂነሩ። "በፊት የነበረው ሰውዬ ዓይኑ ጠፍቶ አሰናብተነዋል።"

መባረራቸውን እዚያው ነው የሰማሁት። ፒስቶኑ የታሸገበትን ቱቦ፣ የፓምፑን ልብ፣ ሰኞ የነፉት እሳቸው ናቸው። ይህን ማለት ነበረብኝ። ዶክተሯ ስትጨብጠኝ እጄን ሰጠኋት።

ቅዳሜ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ በደስታ ተቀበሉኝ። የጋሽ ሰይድን እጅ የሰፋችው ነርስ ዓይናቸውን በባትሪ አይታ "የዓይን ሞራ ነው፣ ተገፎ ይነሳል" ብላቸዋለች። ዓይናቸው አልጠፋም። ለሕክምናው ወረፋ ይዘዋል።

"ለምን እስከዛሬ አልታከሙም?" አልኳቸው።

"ፈቃድ ብጠይቅ ያውቅብኛል ብዬ ነዋ" አሉ። "ዓይን የሌለው መስታወት ነፊ ማን ያሠራዋል?"

ያኔ አላስቻለኝም። ስንጥቁን እንዳየሁ፣ አይቼም ንጹሕ ነው እንዳልኳቸው ነገርኳቸው።

በፋሻ የተጠቀለለውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹ። "ለምን ነገርሽኝ?" አሉ። "አሁን አንቺን ቀለለሽ። እኔንስ ምን አደረገኝ?"

እትዬ ዘሃራ ሻዩን ከፊቴ አነሱት። ገና አልጨረስኩም ነበር።

ሰኞ

ጠዋት፣ ሁሉም ባለበት፣ ለኢንጂነሩ "ቱቦው ስንጥቅ እንዳለበት እያወቅን ነው የሰጠናቸው። ወደ ሥራቸው ይመለሱ፤ ካልሆነ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ እናገራለሁ" አልኩት።

አልተቆጣም። "እያወቅን?" አለ። "የሰጠሽው አንቺ። ንጹሕ ነው ያልሽው አንቺ። ሂጂ ተናገሪ።"

ሁሉም አዩኝ። በምሳ ሰዓት አጠገቤ የተቀመጠ የለም። ባለፈው ሰኞ አብረውኝ የሳቁት ናቸው።

አላባረረኝም። ዶክተር ሄለን ሁለተኛ ፓምፕ አዛለች። ማስታወቂያ ወጥቶ ሌላ ነፊ እስኪገኝ ታስፈልገኛለች ብሎ ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሠራተኛ ጉዳይ ሄድኩ። ቃሌን ሰጠሁ፣ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ። "እንጠራችኋለን" አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሰነባብቶ

እትዬ ዘሃራ ደወሉ። "ልጃችን ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነው። ሰው አጣን እንጂ አንጠራሽም ነበር" አሉኝ። የጋሽ ሰይድ ዓይን ትናንት ተሠርቷል፤ ዛሬ ፋሻው ይነሳል። ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን አወረድኳቸው። እትዬ ዘሃራም ተከትለውን ሆስፒታል ገባን።

ነርሷ ፋሻውን አነሳች። መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ መስኮቱን። ከዚያ እትዬ ዘሃራን፣ በጣም ረጅም ጊዜ። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ።

"አርጅተሻል" አሉኝ።

"እጅሽን አምጪ እስቲ።" ሰጠኋቸው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያገላበጡ ጠባሳውን ሁሉ አዩት። "እሳቱ ውስጥ ገብተሽ ነው የምትሠሪው" አሉ። "ራቅ አድርገሽ ያዢው። ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊ።"

እጄን ለቀው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ፣ በዓይናቸው።

ይቅር አሉኝ ማለት ነው? አላውቅም። ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም። ነገ ግን ክርኔን አሳርፋለሁ።