ስፌት የበላው ብርድ ልብስ

ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኪ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽስ? የእናታችን ጉልበት ቀለል አለላት ወይ? የሐይቁ ብርድ ገና ሳይጠና በፊት ያን ወፍራም ካልሲ አውጥታ እንድታደርገው ንገሪያት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ከአንዲት ጣቴ ጫፍ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። የጣቴን ነገር ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

አስቀድሜ ግን ቃሌን ልስጥሽ። «ስለዚያ ነገር ማንም አይጠይቀኝ፣ ማንም አይጻፍልኝ» ብለሽ የላክሽው ደርሶኛል። አልጠይቅም። አምና ያ ሁሉ ፍላኔልና ያ ሁሉ ትንንሽ ሹራብ ከሳጥን ወጥቶ ለጎረቤት ሲታደል እኔም እዚያው ነበርኩ። አንድ በአንድ አጥፈሽ፣ በእጅሽ ዳብሰሽ ስትሰጪ አይቻለሁ። እናታችን «ገና ላልደረሰ እንግዳ አልጋ አይነጠፍም ብዬሽ ነበር» ስትልሽ፣ ምነው ዛሬስ ዝም ባለች ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዘንድሮ አንዲት ክር እንኳ ከደጅሽ እንዳትገባ ብትምይ አይገርመኝም። ስለዚህ ስለራሴ ብቻ ነው የምጽፍልሽ።

ሥራ ገና ነው። በሒሳብ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሰው ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ኦሎምፒያ ያሉት መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ማስታወቂያ ለማንበብ ስንጋፋ ነው። ጠዋት ጠዋት በአጎታችን በሙነወር ሚኒባስ እወርዳለሁ። ከጎኑ ያስቀምጠኝና ረዳቱ ወደ እኔ እጁን ሲዘረጋ «ተዋት፣ እሷ ሒሳብ አትከፍልም፣ ሒሳብ ትሠራለች!» ይላል። ተሳፋሪው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ማመልከቻዬን አስገብቼ ስመለስ ግን ቀኑ ገና እኩሌታው እንኳ አልሄደም። ታውቂኛለሽ፣ እጄና ጭንቅላቴ ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይችሉም።

በክረምቱ መጨረሻ አንድ ቀን በጎረቤታችን በወይዘሮ ገንዘቤ አጥር ላይ አንድ ነገር ተሰጥቶ አየሁ። ከሩቅ ሲያዩት ድሪቶ ነው። ቀረብ ስል ግን ግራ ገባኝ። ድሪቶ ቀዳዳ በተገኘበት ሁሉ የሚጣፍ አይደል? ይኼኛው ከመጀመሪያውም ታስቦበት የተጣፈ ነው። ቀዩ መቼም ከቢጫው ጎን አይጠፋም፣ ሦስት ማዕዘኖቹ እንደ ሰልፈኛ ይከተላሉ። ደግሞ ወፍራም ነው። ታዲያ ውስጡ ምን አለ? ጀርባውን ለማየት ጫፉን ስገለብጥ ከኋላዬ «ልትሰርቂው ነው ወይስ ልትፈቺው?» የሚል ድምፅ መጣ። ገንዘቤ ነበረች።

ገንዘቤ የሆሳዕና ሰው ናት፣ ነርስ ናት፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ትዘምራለች። ድሮ በአገሯ ሚስዮን ክሊኒክ ስትሠራ ለበሽተኞች በእርዳታ ሳጥን ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረ ልብስ ነው አለችኝ። ስሙም «ኩዊልት» ነው። ከላይ የተገጣጠመ ቁርጥራጭ፣ ከመሀል ጥጥ፣ ከሥር ገበር አለው፣ ሦስቱ በእጅ ስፌት አብረው ይያዛሉ። ይኼው ነው። «አንቺስ ለምን ሠርተሽ አታውቂም?» ብላት «መሣሪያው የታለና! መወጠሪያው ለብቻ፣ መቁረጫው ለብቻ፣ ማስመሪያው ለብቻ፣ ሁሉም የፈረንጅ ነው» አለች። ኦሎምፒያ አንድ ሱቅ ውስጥ የጥልፍ መወጠሪያ ቀለበት አገኘሁ፣ ዋጋውን ጠይቄ ወጣሁ። ባለሱቋ ከኋላዬ «ማየት በነጻ ነው እሜቴ!» አለች።

መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ማሰላሰል ያዝኩ። ቀለበቱ ሥራው ምንድን ነው? ጨርቅ መወጠር። ታዲያ እቤታችን ክብ ሆኖ የሚወጥር ነገር ምን አለ? የአጎታችን ሚስት የመኪያ ወንፊት! የተቀደደውን አነሳሁ ብዬ እንጨቱን ካወለቅሁ በኋላ ነው ለካስ ደህናው መሆኑን ያወቅሁት። መኪያ ወገቧን ይዛ «እንግዲህ ዱቄቴን በዲግሪሽ ልንፋው?» አለችኝ። ለሳምንት ያህል ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህንኑ ትነግር ነበር። «ወላሂ ዲግሪ ይዛ ድሪቶ ትሰፋለች» እያለች ትጨምርበታለች።

ከዚያ በኋላ ምን ልበልሽ፣ ያየሁት ዕቃ ሁሉ ሌላ ነገር መምሰል ጀመረ። ጨርቁ ላይ ምልክት ለማድረግ ያለቀ ሳሙና መስኮት ላይ አደረቅሁ፣ ከጠመኔ ይሻላል፣ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ለመቁረጫ ምላጭ በተሰነጠቀ የመጥረጊያ እጀታ መሀል አስገብቼ በክር ጠፈርኩት። ስቆርጥ ከጨርቁ ሥር የማነጥፈው የሚኒባሱን አሮጌ የጎማ ምንጣፍ ነው። አጎታችን «ተሳፋሪው እግሩን የት ያሳርፍ?» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ለጣቴ በመጀመሪያ የለስላሳ ቆርኪ ሞከርኩ፣ እየተንሸራተተ መርፌው አጥንቴ ድረስ ገባ። አሁን የአሮጌ ጫማ ምላስ ቆርጬ እንደ ቆብ አልብሼዋለሁ፣ የቀድሞው ቁስል ግን እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ስፌቱን የማስተኛው በማንኪያ ጀርባ ነው። በመቆንጠጫ ፈንታ የመኪያን የልብስ መስቀያ ቆንጣጮች እጠቀማለሁ፣ እስካሁን አላወቀችም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ራጁ ነው። ቁርጥራጮቹ እኩል እንዲሆኑ ጠንካራ ልክ ያስፈልጋል፣ ካርቶን ደግሞ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል። ገንዘቤ ከክሊኒኳ የሚጣሉ አሮጌ ራጆች አመጣችልኝ። በረኪና ውስጥ ሲያድሩ ጥቁሩ ይለቅና እንደ መስተዋት ጥርት ይላሉ። አንዱ ብቻ እምቢ አለ፣ ሁለት ጎድን አጥንት በስሱ ቀሩበት። በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ ሳስቀምጠው አጥንቶቹ ያልፋሉ። የማን ይሆኑ? ያስለው ነበር? ዳነ ወይ? ገንዘቤን ብጠይቃት «ራጁን ረስቶ በእግሩ የሄደ ሰው ድኗል ማለት ነው፣ አታስቢ» አለችኝ። ሴትዮዋ ለሁሉም ነገር መልስ አላት።

ጨርቁን የቦሌ መንገድ ልብስ ሰፊዎች ከወለል ጠርገው ሰጡኝ። ወሬው ሲሰማ ደግሞ ሰፈሩ ማምጣት ጀመረ። ገንዘቤ ያረጀውን ወይን ጠጅ የመዘምራን ልብሷን፣ አጎታችን አንገትጌው ያለቀውን ሸሚዙን፣ መኪያ እንኳ እያጉረመረመች የሙሽርነት ድሪያ ቀሚሷን አመጡ። ድሪያዋን ስትሰጠኝ «በይ፣ ይኼን መሀል ላይ አድርጊው» አለች። ጥጡን ከአሮጌ ትራሷ አውጥታ በደጋን የነደፈችልኝም እሷው ናት። መርፌና ክሩ የገንዘቤ ነው። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም። ይህን ልብ በይልኝ፣ አልተገዛም፣ ምንም ነገር አልተገዛም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ልኩን ያወጣሁት ለእኔ ተጣጣፊ አልጋ ነበር፣ ከወገብ በታች እንዲያለብሰኝ። ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል። ቁርጥራጩ ጥቃቅን ስለሆነ እያንዳንዱን አምስት ሳንቲሜትር አድርጌ ቆረጥኩ። አካፈልኩ፣ አባዛሁ፣ ቁጥሩን አወጣሁ። ልክ ነበር። ግን እህቴ፣ ስፌት ይበላል! በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አምስት የነበረው ሦስት ይሆናል። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ይህን አላሰብኩትም። በረድፍ በረድፍ እየሰፋሁ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጥ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሁሉንም ገጥሜ፣ ጥጥና ገበሩን ይዤ ስጨርስ ግቢው ውስጥ ዘረጋሁት።

ማንም አልሳቀም። መኪያ ስታየው «ይኼማ የሚበቃው ለ…» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጎታችን ሰዓቱን አይቶ፣ ሰዓቱ ያልደረሰ ሥራውን አስታውሶ ወጣ። ገንዘቤ ብቻ ቁጭ ብላ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። ስፌቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰውሯል፣ ምንም የሚቧጭር ነገር የለም። ገበሩ ለስላሳ ነው፣ ስድስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ከዚያ ቀና ብላ «አንቺ ልጅ፣ የወንፊቱን ዙሪያ ሳይቀር በክር የለካሽ ሰው፣ ይኼን ሁሉ ወር አንዱን ረድፍ እንኳ አንስተሽ አልለካሽም?» አለችኝ።

ልብሱን አጣጥፌ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

መኪያ የፊታችን ሐሙስ እናቷን ልትጠይቅ ወደ ደሴ ትመጣለች። ታሽጎ በእሷ እጅ ይደርስሻል። እናታችን ምን እንደምትል አላውቅም፣ አንቺም ምን እንደምትይ አላውቅም፣ ከላክሁት በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ግን አውቃለሁ። ቢያስፈራሽ ሳትፈቺው እናታችን ዘንድ ይቀመጥ። ወይም ሊጥ ሸፍኚበት፣ ለሊጥ ልኩ ነው። ሰው አይቶ ቢጠይቅሽ «እህቴ ሒሳብ ተሳስታ ነው» በይ። ውሸት አይሆንብሽም፣ ጎሮ ውስጥ ያልሰማ የለም። ማንም ለማንም ብሎ አልገዛም፣ ማንም ለማንም ብሎ አላዘጋጀም። በቃ፣ አንሶ የቀረ ልብስ ነው።

ሦስቱን ጎን ዘግቻለሁ። አራተኛው ክፍት ነው፣ ጥጡ በጣት ሲነካ ይታያል። መኪያ «ረስተሽው ነው?» ብላ ነበር። አልረሳሁትም። አንድ ጎኑ ያልተዘጋ ነገር አለቀ አይባልም፣ ያላለቀ ነገር ደግሞ ተዘጋጀ አይባልም፣ እናታችንም ብትሆን በዚህ የምትከራከረኝ አይመስለኝም። የመዝጊያው ቀን ሲደርስ አጎታችን ዘንድ ስልክ አስደውሉ፣ «ነይና ጨርሽው» በሉኝ፣ ሌላ ቃል አያስፈልግም። በዚያው ሌሊት አውቶቡስ ተራ እገኛለሁ። ፈቃድ የምጠይቀው አለቃ ስለሌለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ውኃ ቀድቶ ያምጣልሽ እንጂ አንቺ እንስራ እንዳታነሺ። ለእናታችን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አላህ ቤታችሁን በሰላም ያቆይልን፣ ሌሊቱን ያሳጥርላችሁ፣ ደጃችሁን መልካም ወሬ ያንኳኳው። ሌላ አንድ ምርቃት አለኝ፣ እሱን ግን ቃል ስለገባሁ አልጽፈውም። ከአፌ ሳላወጣ፣ ከእያንዳንዱ ሰላት በኋላ እየደገምኩት ነው።

ታናሽሽ