ተኝቶ ቢጫ ካርድ ስለተሰጠው በረኛ

ለተከበሩ የከተሞች ዋንጫ የዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዳማ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ፊትዎን ከምች፣ ዓይንዎን ከአዳማ አቧራ፣ በተለይም ጭንቅላትዎን ከሰው ጉልበት ይጠብቅልዎ። እኔ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የማመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ስሆን፣ የሞጆው ቡድን በረኛና አምበል የሙስዓብ አባት ነኝ። ልጄን ያስታውሱት እንደሆነ፣ እናንተው ከተማ በተደረገው ጨዋታ አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ የማዕዘን ምት ሊይዝ ዘሎ፣ የአጥቂው ጉልበት ጆሮ ግንዱን መትቶት ራሱን ስቶ የወደቀው ነው። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ዋና ዳኛው ጨዋታው እንዳይቋረጥ ላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። በእኛ ከተሞች እየመራ ያለ ቡድን በረኛ ሰዓት ለመግደል መሬት ማቀፍ እንደሚወድ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ዳኛውም ይህንኑ አውቀው ልጄን በእጃቸው ተነስ እያሉ፣ ኳሷ ጠባቂ የሌለው መረብ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ፊሽካቸውን በትዕግሥት ይዘው ጠብቀዋል። እኛ ሹፌሮች አስፋልት ላይ የተጋደመ ሰው ስናይ መጀመሪያ ፍሬን እንይዛለን፤ ሰካራም ይሁን በሽተኛ የምናጣራው ከወረድን በኋላ ነው። ለካ ስንሳሳት ኖረናል።

፪ኛ፦ ዳኛው ጎሉን ካጸደቁ በኋላ ልጄ ድረስ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው ቢጫ ካርድ ስላሳዩት እጅግ አመሰግናለሁ። በሪፖርታቸውም ተጫዋቹ ዓይኑን ገልጦ ካርዱን እንዳየ ጽፈዋል። ዓይኑስ እውነት ነው፣ ተገልጦ ነበር።

፫ኛ፦ ቃሬዛ ስላልነበረ ጓደኞቹ ከአጥሩ ላይ ገንጥለው የተሸከሙበት፣ «ስፖርት ለጤና» የሚለው ባነራችሁ በደም ስለተበላሸ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ቶይባ አጥባዋለች፤ ለከርሞ ይሆናችኋል።

፬ኛ፦ አቤቱታችንን በአክብሮት ተቀብላችሁ በአክብሮት ስለጣላችሁት ምን ብዬ ላመስግን? የቡድኑ አምበል ጨዋታው ከመሐል ሜዳ ከመጀመሩ በፊት ቅሬታውን ለዳኛው ባለማስመዝገቡ ጎሉ ይጸናል፣ ውጤቱም አንድ ለአንድ ነው ብላችኋል። አምበሉ በዚያን ሰዓት ባነሩ ላይ ነበር፤ ሆኖም ደንብ ነውና አልፈርድባችሁም።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው። ሙስዓብ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ይበላል፣ ግድግዳ ይዞም ይራመዳል። አዲስ ነገር ግን አእምሮው ውስጥ አያድርም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ፣ አባባ፣ ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ ብሎ ይጠይቀኛል። አንድ ለዜሮ አሸነፍን እለዋለሁ፤ ፈገግ ይላል። በነጋታው እንደ አዲስ ይጠይቀኛል፣ እኔም ያንኑ እመልስለታለሁ። ሐኪሞቹ ይሻለዋል ብለው ተስፋ አልሰጡኝም። ይህን ልጅ ሳሳድግ ውሸት ነውር ነው እያልኩ ነበር፤ አሁን ግን ቀኔን የምጀምረው እሱን በመዋሸት ነው። ስለዚህ የምለምንዎ ካሳ አይደለም፤ ያንን ጎል ሰርዙልኝና ለልጄ የምነግረው እውነት ይሁንልኝ።

እንደማትሰርዙት አውቃለሁ። የጸደቀ ጎል አይመለስም፣ እናንተም ዳኛችሁን አሳልፋችሁ አትሰጡም፤ የጻፍኩት ዝም ብል ስለሚያንቀኝ ብቻ ነው።

ፊሽካዎ አይታፈን፣ ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ የእርስዎ ልጅ የወደቀ ዕለትም ሮጦ የሚደርስለት ሰው አይጣ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ራህመቶ፣ የበረኛው አባት
ከሞጆ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሙስዓብ ቢጫ ካርድ ስላልተነሳ፣ ሁለተኛ ካየ ቀጣዩ ጨዋታ እንደሚያልፈው ስላስጠነቀቃችሁን እናመሰግናለን። ስጋት አይግባችሁ፤ እናቱ ከአልጋው እስከ ደጃፍ ክንዱን ሳትለቅ ስለምታስኬደው፣ ዳግመኛ ወድቆ ሰዓት አያባክንባችሁም።