ወንድሜ በቃሉ የሚያውቀው ራፕ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ጠዋት ከአምባ ጊዮርጊስ መጥቶ አዘዞ እኔ ቤት ገባ። የአሥራ አራት ዓመቷን ልጁን ሐናን ሊድር ነው፤ የመጣው የሠርግ ልብስ ሊገዛ ነው። ክው አልኩ።

ልጆች ሳለን የምንወደው አንድ ራፕ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ተወስዳ ስለምትዳር ልጅ የሚናገር። ታደሰ አንድም ቃል ሳይስት ይለው ነበር። ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁትና ከፈትኩለት።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ምነው እቴ፣ ልታዋርጂኝ ነው?»

«አንተ ያስጠናኸኝ ነው።»

«ትምህርት ቤቱ በውጊያው ከተዘጋ ስንት ጊዜው! እኛ ዘንድ የሚወራውን አንቺ አትሰሚም። ባል ካላት ማንም አይደፍራትም ብዬ ነው።»

ፍርሃቱ እውነት ነው፤ እኔም እፈራለሁ። «እኔ ጋ ትምጣና እዚህ ትማር» አልኩት።

«ቃል ሰጥቻለሁ። ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?»

«እህቴ ከለከለችኝ በላቸው። ቅያሜው በእኔ ይሁን።»

ዘፈኑ ሲያልቅ ብድግ አለ። ከዚያ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

አመሻሹ ላይ ከቤቱ ደወለ። «መንገዱ ክፍት ከሆነ ዓርብ እልካታለሁ» አለኝ። ከኋላው ሐና «እውነትህን ነው አባ?» ስትል ሰማሁ። መልሱን ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ።