ጋሮምሳ በጦርነት ነው የሞተው

ልጄ ሰብለወንጌል፣ አማኑኤል ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ በባዕድ አገር ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀምሯል።

መርዶ ልነግርሽ ነው። አብሮሽ ያደገው የጎረቤታችን የሙሉዬ ልጅ ጋሮምሳ፣ እህል ሊጭን ገጠር ወርዶ ወታደሮችና ታጣቂዎች ሲታኮሱ መሃል ገብቶ ሞተ።

ለቅሶው ላይ አንድ ሹም መጣና፣ "ጦርነት አትበሉት። ጦርነት በአገርና በአገር መካከል ነው፤ ይሄ የጸጥታ ችግር ነው" አለን።

ደሜ ፈላ! "መድፍ እያገሳ፣ ባላገሩ ከብቱን ጥሎ እየሸሸ፣ ሌላ ምን ሲጨመርበት ነው ጦርነት የሚሆነው?" አልኩት። አባትሽ ነጠላዬን እየጎተተ "ተይ እባክሽ" ይለኛል።

ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ሙሉዬ ቀና አለች። "ልጄን ችግር አልገደለውም፤ ጦርነት ነው የገደለው" አለችው። ሰውዬው ተነስቶ ወጣ።

አንቺ ግን እኔን አይተሽ እዚያ ከሰው እንዳትጣዪ። እመብርሃን ከለላ ትሁንሽ፤ ለዓይኔ ታብቃሽ። አደራ፣ ለሙሉዬ ደውዪላት። "በጦርነት መሞቱን ሰማሁ" በያት፤ ከሰው የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

እናትሽ አሰለፈች
ከአዳማ