ከጉልበቴ ስር ያኖርሽው ትራስ

ውድ እትዬ፣

መነጽርሽን አድርጊና ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ለልጅሽ አትስጫት። እሷ ደግ ስለሆነች ክፉ ክፉውን እየዘለለች ታነብልሻለች፤ እኔ ደግሞ የጻፍኩት ክፉ ክፉውን እንድትሰሚው ነው። በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ሞከርኩ። ገና «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ስል ድምፅሽ ይርገበገባል፣ ታለቅሻለሽ። አንቺ ስታለቅሺ እኔ የተቆጣሁበትን ትቼ ሳባብልሽ እቆያለሁ፤ ስልኩ ሲዘጋ ንዴቴ እዚያው እንዳለ ነው። ወረቀት እንደዚህ አይደለም። ብታለቅሺበት ይርሳል እንጂ አያባብልሽም።

ትናንት ልጅሽ ደውላልኝ ነበር። ላንቺም ጉልበት የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞልሽ እንደነበረ፣ አንቺ ራስሽ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ ሄደሽ እንዳሰረዝሽው ነገረችኝ። ለምን ብዬ ስጨቀጭቃት ጊዜ፣ «የእህቴን አይቼ ቢላዋ አላስነካም፣ አጉብጠው ነው የሰደዱልኝ ትላለች» አለችኝ። ለጎረቤትም፣ ለባለሱቁም፣ መንገድ ላይ ላገኘሽው ሁሉ ይህንኑ እያወራሽ ነው አሉ።

እትዬ፣ እኔን ያጎበጠኝ ሐኪሙ አይደለም። አንቺ ነሽ።

ይኸው ወጣልኝ። አሁን ቁጭ በይና የቀረውን አንብቢ።

አዛኝ ቅቤ አንጓች ብዬ ብገላገልሽ ደስ ባለኝ። ግን ሐዘንሽ የእውነት ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ተሳድቤ እተወው ነበር። አንቺ ግን ጉልበቴን አስቀይሬ ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ያንን ዳር ዳሩን በሰማያዊ ክር የጠለፍሽውን ትራስሽን ከቤትሽ ድረስ ተሸክመሽ መጣሽ። አልጋዬ ላይ ከመጋደሜ ቀስ አድርገሽ ከጉልበቴ ስር ሸጎጥሽው። ጉልበቴ እጥፍ ሲል ስፌቱ ላላ፣ ሕመሙም ጋብ አለልኝ። «አየሽ» አልሽኝ፣ ራስሽ የዳንሽ ያህል ደስ ብሎሽ።

በማግስቱ ፊዚዮቴራፒስቱ መጣ። ታስታውሺው የለ፣ ያ ጺሙ በቅጡ ያልሞላው ልጅ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ትራሱን አውጥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነበር። እግሬ ሲተኛ ቀጥ ብሎ መተኛት እንዳለበት፣ ታጥፎ የከረመ ጉልበት ታጥፎ እንደሚቀር ለሁለታችንም አስረዳን። ከዚያ እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጫነኝ። ጮህኩ። እንዴት ነው የማልጮኸው? ሥጋዬን ከአጥንቴ የሚለያየው ነው የመሰለኝ። አንቺ ዘልለሽ የእጁን አንጓ ያዝሽው። «ሰው ናት እኮ፣ የተጣመመ በር አይደለችም» አልሽው። ልጁም በየሰዓቱ ራሴ እንድሠራው የሚገባኝን አሳይቶኝ ሄደ። የግቢው በር ገና ሳይዘጋ ትራሱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«እሱ አይሆንም ብሏል» አልኩሽ። «ይሄ ልጅ የራሱን ጉልበት ታሞ ያውቃል? እኔ እያለሁልሽ» አልሽኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙን «ገራፊው» አልሽው። ሊጠይቀኝ የመጣው ሰው ሁሉ የገራፊውን ታሪክ ከአንቺ ሰማ፤ ሁሉም ሲነሳ ትራሱን ከፍ፣ ብርድ ልብሱን ጠበቅ እያደረገልኝ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ወጣ። ኪኒኑንም አንቺው ያዝሽው። «ልብ ያደክማል፣ ሲብስብሽ ብቻ ዋጪ» አልሽ። ሲብስብኝ ደግሞ እንኳን እግሬን ላንቀሳቅስ ቃል መተንፈስ ያቅተኝ ነበር። ውሃ ስል ውሃ፣ ሻይ ስል ሻይ፣ መታጠቢያ ቤት ስል ትከሻሽ። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ አንቀባረርሽኝ።

ልጁ መምጣቱን ተወ። «ቀረ» አልሽኝ። ጠበቅኩት፣ አልመጣም። «የዘንድሮ ልጆች ናቸው፣ ገንዘቧን ካገኙ ሥራው ምናቸው ነው» አልሽ። እኔም አብሬሽ ረገምኩት። የሰው ልጅ እንዴት በሽተኛ አጋድሞ ይቀራል ብዬ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስንቱን አወረድኩበት።

ከዚያ የቤትሽ ነገር ሲጎትትሽ ሄድሽ። አውቶቡሱ እስኪነሳ በመስኮት ስታለቅሺ ነበር ብላ ልጅሽ ነግራኛለች።

አንቺ በሄድሽ ሳምንት ለሐኪሙ ቀጠሮ ቀረብኩ። አልጋው ላይ በጀርባዬ አስተኛኝና ከጉልበቴ ስር ጡጫውን ሰደደ። ጡጫው ገብቶ ወጣ፣ አልነካኝም። እግርዎን ያሳርፉ ቢለኝ፣ ላሳርፍ ብል፣ አይወርድም። ልብስ መስቀያ ላይ እንደተረሳ ሱሪ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አየውና፣ «ብረቱ በደንብ ነው የተቀመጠው። እግርዎ ነው ታጥፎ መኖር የለመደው» አለኝ። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተቃና እንደገና አደንዝዘው በኃይል እንደሚዘረጉት ነገረኝ። ያም ሁልጊዜ እንደማይሳካ አልደበቀኝም።

ያን ጊዜ ያሰብኩት ጠረጴዛዬን ነው። ታውቂዋለሽ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ የምቆርጥበትን ያንን ረጅም ጠረጴዛ። ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ የሠራሁበት ነው፤ ቆራጭ ተቀምጦ አይቆርጥም፣ ጨርቁን ከላይ ሆኖ ማየት አለበት። ጉልበቴን ያሳጣኝ እሱ መቆም ነው፤ ጉልበቴን ያስቀየርኩትም ተመልሼ ልቆምበት ነው። ባለፈው ሄጄ ልሞክረው አልኩ። አንድ እግር እጥፍ ሲል ዳሌ ይጋደላል፣ ዳሌ ሲጋደል ወገብ ይጮሃል፤ የአንድ ሱሪ ልክ ቆርጬ ሳልጨርስ ጠረጴዛው ላይ ተዘረርኩ። አለቃዬ አንዲት ወጣት ቆራጭ ቀጥሯል። «እስክትመለሺ ነው» ይለኛል። ልጅቷ ግን መቀሴን ለራሷ እጅ እንዲስማማት አስላዋለች። ሰው የሚመለስን ሰው መቀስ አያስልም፣ እትዬ።

ከሐኪሙ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄድኩ። ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ገራፊውን። ሰው በተሞላበት ክፍል መሐል ቆሜ አወረድኩበት። አጋድመኸኝ ቀረህ፣ ይኸው የሠራኸው ሥራ፣ እናት የለህም ወይ፣ ምኑ ቅጡ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ወንበር ሳበልኝ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «በየቀጠሮው መጥቻለሁ እናቴ። እህትዎ በር ላይ ቆመው ተኝታለች ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ፣ ሳንጠራህ አትምጣ አሉኝ» አለኝ።

እትዬ፣ እኔ እኮ አልተኛሁም ነበር። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ስጠብቀው ነበር።

በዚያ ክፍል ውስጥ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፎጣ አነጠፈልኝና ወደ ሥራው ገባ። ያን ዕለት ግን ሲጫነኝ የጮህኩት ጩኸት ለጉልበቴ ብቻ አልነበረም። ግማሹ ላንቺ ነበር።

አሁን እንዴት እንደምውል ልንገርሽ፣ ለጎረቤት የምታወሪው እውነተኛ ወሬ እንዲኖርሽ። ኪኒኔን ሕመሙ እስኪያፈናጥረኝ አልጠብቅም፤ በልቼ፣ ልምምዱ ከመጀመሩ ቀደም ብዬ እውጠዋለሁ። ሐኪሙም ልጁም ያሉት እንደዚያ ነበር፤ አንቺ ነሽ የገለበጥሽው። ልጁ ሲጫነኝ አየሩን በአፌ ቀስ እያልኩ አስወጣለሁ፤ ትንፋሽ ሲያዝ ጅማቱም አብሮ ይይዛል። ስንጨርስ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ያደርግልኛል፣ እሱ ብቻ ነው የቀኑ ደስታዬ። ሕመምም ዓይነት እንዳለው ተማርኩ። የቁስል ሕመም አለ፣ ቁም ይልሻል። የሚለጠጥ ጅማት ሕመም ደግሞ አለ፤ እሱ ሲጮህ ትቀጥያለሽ። አንቺ ለሁለቱም ያለሽ መድኃኒት አንድ ነው፣ ትራስ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ውስጥ ከጎኔ ባለው አልጋ አንድ ጡረተኛ ሾፌር አለ። እንደኔው ጉልበቱን አስቀይሮ ነው፤ የእሱ ደግሞ አልታጠፍ ያለ ነው። እኔ እየጮህኩ፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ። «አንቺ ክላክስ፣ እኔ ፍሬን፣ አንድ መኪና ይወጣናል» ይለኛል። ያስቀኛል፣ ስስቅ እግሬ ይላላል፣ ልጁ ያንን ጠብቆ ይጫነኛል። ሁለቱ ተመካክረው እንደሚሠሩ ነው የምጠረጥረው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ ፊት ለፊትሽ መናገር ነበረብኝ። ግን ለአንቺ ፊት ለፊት መናገር የሚችል ማን ነው? ልጅ ሆነን ሚስማር የረገጥኩ ጊዜ ትዝ ይልሻል? እናታችን በሞተች በዓመቱ ነው። አዝለሽ ትምህርት ቤት አደረስሽኝ፣ አዝለሽ መለስሽኝ። እግሬ ዳነ፣ አንቺ ግን አላወረድሽኝም። ልጆቹ ሲሮጡ እኔ ጀርባሽ ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። ውረጂ ብትዪኝ መሮጥ እችል ነበር፤ አውርጂኝ እንዳልልሽ ደግሞ ፊትሽ ያሳዝነኝ ነበር። አንቺ እኔ ስታመም እንዴት እንደሚወደድ ታውቂያለሽ፤ ስድን ምን እንደሚደረግ ነው የማታውቂው። ይሄን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ይህንንም ልረሳው ሞክሬ ነበር። እኔው ታጥፌ ብቀር እንኳ፣ እህቴ ናት፣ ስለወደደችኝ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ትናንት ነው ያልቻልኩት። የእኔን ጩኸት ወስደሽ የራስሽን እግር አሰርሽበት። ደረጃ በቂጥሽ እየወረድሽ ነው አሉ። ፈርተሽ ከሆነ ፈራሁ በይ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። እኔን ግን ለፍርሃትሽ ምስክር አታድርጊኝ። አልመሰክርልሽም።

ትራስሽን ጥላዋለች ብለሽ እንዳታዝኚ፣ አልጣልኩትም። ጠቅልዬ በጨርቅ ገመድ አሰርኩትና ከተረከዜ ስር አደረግኩት። ልጁ ነው ያሳየኝ። ተረከዝ ከፍ ሲል ጉልበት ከስሩ የሚደገፍበት ነገር ያጣል፣ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ያስለቅሰኛል። ዓይኔን ያ የጠለፍሽው ሰማያዊ ክር ላይ ተክዬ እችለዋለሁ። ባለፈው ልጁ ጡጫውን ሲሰድ አላለፈለትም፤ መዳፉ ብቻ ነው የገባው። ሐኪሙ ዘንድ እስክቀርብ መዳፉም እንዳይገባ ነው የምፈልገው።

አሁን የምልሽን ስሚ። መጀመሪያ ሄደሽ ቀጠሮሽን መልሰሽ ያዢ። ሳትይዢ እንዳትመጪ። ከያዝሽ በኋላ ነይ። ስትመጪ የምታጥቢኝ፣ የምትቀልቢኝ፣ የምትደግፊኝ ነገር የለም። ልጁ እንደሚያሳይሽ አድርገሽ ሁለት እጅሽን ጉልበቴ ላይ ታሳርፊና ትጫኛለሽ። እጮሃለሁ። ካስፈለገሽ አብረሽኝ አልቅሺ፤ እጅሽን ግን እንዳታነሺ።

ያንቺ ተራ ሲደርስ ደግሞ ትራሱን ይዤ እመጣለሁ፤ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ትረግሚኛለሽ፣ ስምም ታወጪልኛለሽ፣ ተዘጋጅቻለሁ። በር ላይ ሰው አቁመሽ «ተኝታለች» ብታሰኚኝ ግን በሩን ገፍቼ እገባለሁ፣ በሁለት እግሬ።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ፣ ዛሬ ግን አውርጂኝ የምትልሽ፣

ታናሽ እህትሽ